ቀዩ ነጥብ ውሃ ላይ

አንድ ስልክ ነው ያለን፣ ፊቱ የተሰነጠቀ፣
ግድቡ አናት ካልወጡ ኔትወርኩም የራቀ፤
ሠላሳ ሁለት ልጅ በአንዲት መስኮት ሲያይ
ጃሙና ወንዝ ተኝቷል መዳፋችን ላይ።

ከላይ ሲያዩት ሌላ ነው። ያ ሁሉ ጩኸቱ፣
ደለል የጠገበው ቡናማው ጉልበቱ፣
ከሰማይ ሲነሣ ፎቶው ጸጥ ይላል፤
ሹሩባ ይመስላል፣
በችኮላ ተሠርቶ ጫፉ የተፈታ።

ሞንታጅ ነው ያገኛት ያቺን ማንሸራተቻ፣
ዓመት ወደ ኋላ የምትስብ ብቻ፤
በጣቱ ገፋ ሲያደርጋት ዘመን ይቀየራል፣
የእርሻው አረንጓዴ ይሰፋል፣ ይጠባል፣
ደሴት ይወለዳል፣ ደሴት ይሰጥማል።
«መምህር፣» አለኝ፣ «ወንዙ ይራመዳል!»
«አዎ፣» አልኩት፣ «በእግሩ። እኛም በእግራችን።
አራት ጊዜ ፈርሶ ተተክሏል ቤታችን፣
ቆርቆሮው በጀልባ፣ ሰሌዳው በጀርባችን።»

የሳይንሱ ሥራ ጥያቄው አጭር ነበር፦
ከትምህርት ቤታችን እስከ ወንዙ ዳር
ስንት ሜትር ቀረ?
በጁት ገመድ ለካን፣ በየሜትሩ ቋጠሮ፣
ካርታው ያለው ሁሉ በእግር ተመርምሮ፤
ለየዓመቱ መስመር፣ ለየመስመሩ ቀለም፤
ቢጫው የት እንደነበር የሚያስታውስ የለም፣
ሰማያዊው መስመር የዛሬ አምስት ዓመት ነው፣
ቀዩ ያለፈው ሐምሌ፣ ከጎሉ ኋላ ነው።

«እስኪ፣» አልኩ፣ «ሁላችሁ ቤታችሁን ፈልጉ፣
ቀይ ነጥብ አኑሩ፣ በስማችሁ አድርጉ።»
ሳላስበው ነበር። አስተማሪ ሲባል
አፉ ቀድሞት ሄዶ ልቡ ይከተላል።

ጁቲካ ስልኩን ይዛ ቆየች ብዙ ጊዜ፣
አልነበረም ፊቷ ላይ እንባም ሆነ ትካዜ፤
ጣቷ ግን ውሃ ላይ፣ ከዋናው ጅረት መሀል
ነጥቡን ተክሏል።
«ተሳስተሻል፣» አላት አንዱ፣ «ዓሣ ነሽ እንዴ?»
ሳቁ። ከዚያም ሳቁ ተቆረጠ ባንዴ፤
እሷ ዓመቱን ይዛ ወደ ኋላ ስትስብ
ውሃው ሸሸ፤ አሸዋ፤ የሩዝ ማሳ ድርብርብ፤
ከዚያ አንድ ቆርቆሮ፣ ፀሐይ የመታው፣ ብልጭ፤
ከጎኑ የጃክፍሩት ዛፍ፣ እንደ ጠብታ፣ ጭልጭ።
«ይኸው፣» አለች። በቃ። ሌላ አልጨመረች።

ማታ አባቷ መጣ፣ ጀልባውን አስሮ፣
«ያን ነገር አሳየኝ፣» አለኝ አቀርቅሮ።
አሳየሁት። ዝም አለ፣ ዝምታው ረዘመች፤
«ላሚቱስ? ከዛፉ ሥር ነበር የታሰረች።»
ከሰማይ ላም አይታይም፣ ብዬ ብነግረውም
ጥቁር ነጠብጣብ ላይ ጣቱን አላነሣም።

ካርታው ቁልፍ አለው፣ «ይህ ቦታ የለም» የሚል፤
ለእርማት የተሠራ፤ ይጠቅማል፤ ትክክል።
ሕጉን ነግሬያት ነበር፦ መረጃ እውነት ይሁንበት።
ቁልፉን አልነካችውም። እኔም አልነካሁት።

በአውራጃው ውድድር ዳኛው መነጽራሙ
ግራፉ፣ መስመሩ፣ ደስ አለው ቀለሙ፤
«የስህተት መጠኑስ?» ብሎ ሲጠይቅ
ሞንታጅ አላመነታ፣ አልሞከረም መሳቅ፦
«ሦስት ሜትር፣» አለ፣ «ስልኩ ምናልባት ቢስት፤
ወንዙ አንድ ሌሊት ይበቃዋል ያንን ለመብላት።»

ሦስተኛ ወጣን። ሽልማቱም ደረሰ፦
የፕላስቲክ ሉል፣ እግሩ የተቀለሰ።
ጃሙና እዚያ ላይ ከፀጉር ትቀጥናለች።
ጁቲካ ሉሉን አዙራ፣ አዙራ፣
ውቅያኖሱ ላይ መዳፏን አሳረፈች፦
«ይህ ሁሉ ሰማያዊ የስንት ሰው ቤት ይሆን?»

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ገመዱን ይዤ ወጣሁ።
ተመልሼ ከሰሌዳው ጥግ
የትናንቱን ቁጥር በእጅጌዬ አጠፋሁ፤
ሁለት መቶ አሥራ አራት የነበረው
ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።
ነገ ትምህርት አለ። ርዕሱ፦ ትነት።